ፊደል የጻፈ አይሰለፍም

እትዬ ደብሬ ሞቱ ሲሉኝ ከአፌ የወጣውን ሳስበው እስካሁን አፍራለሁ። «ኧረ ተው፣ ትናንት ማታ መልእክት ልከውልኛል» ነው ያልኩት። መልእክት የላከ ሰው በማግስቱ የማይሞት ይመስል! የነገረኝ ታደለ ነው፣ የኳስ ቡድናችን በረኛ። ባጃጁን ትምህርት ቤቱ በር ላይ አቁሞ፣ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ፣ የማስተምርበት ክፍል ድረስ መጣ። ስልሳ የአንደኛ ክፍል ልጆች አፋቸውን ከፍተው ያዩናል።

«ትራክተር ተገልብጦ ነው» አለኝ። «ሽንፋ መንገድ ላይ። ተጎታቹ ላይ ነበሩ አሉ።»

ልጆቹን ማን እንዳሰናበታቸው አላውቅም። ጠመኔው በእጄ እንዳለ ሱቃቸው በር ደርሼ ቆምኩ። ሱቁ ዝግ ነው። ስልካቸውን ለቻርጅ የሰጡ ሾፌሮች ከበር ላይ ተኮልኩለው፣ የሰሙትን ላለማመን እርስ በርስ ይከራከራሉ።

ያን ቀን መተማ ዮሐንስ ውስጥ ሰዉ ሁሉ የሚጠያየቀው አንድ ነገር ነበር። የሃምሳ አምስት ዓመት ሴት፣ ስልክ ቻርጅ እያደረጉና ካርድ እየሸጡ የሚኖሩ ሰው፣ በዚያ ጭቃ የሰሊጥ እርሻ ትራክተር ላይ ምን ፍለጋ ወጡ? መልሱን የማውቀው እኔ ነበርኩ። የማውቅ መስሎኝ ነበር ብል ይሻላል።

አመሻሹ ላይ ከእሳቸው ቁጥር መልእክት መጣ። ስልኬ ላይ ስማቸው ብቅ ሲል በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ለካ ልጃቸው ትርንጎ ከጎንደር ደርሳ፣ በእናቷ ስልክ ለሁላችንም ተጫዋቾች ልካ ነው፦ «እናቴ አርፋለች። ቀብር ነገ ስድስት ሰዓት።» ወዲያው የሟቿ ስልክ ይንጫጫ ጀመር። አስራ ሰባት ሰው «1» ብሎ መለሰ። እግዜር ያጽናሽ የለ፣ ነፍስ ይማር የለ፣ «1» ብቻ። ትርንጎ ያላገጡባት መስሏት ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ከአስራ ሰባቱ አንዱ እኔ ነበርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሱቃቸው ጀርባ፣ ጉምሩክ የሚጠብቁ ከባድ መኪኖች ከሚቆሙበት ሜዳ ጎን፣ እሁድ እሁድ ኳስ እንጫወታለን። ጎህ ሲቀድ ጀምረን ፀሐይ ሳትከር እንጨርሳለን። ጫኝ አለ፣ ባጃጅ ነጂ አለ፣ የጉምሩክ አስተላላፊ አለ፣ ከየእርሻው ካምፕ ቅዳሜ በትራክተር የሚገባ ሠራተኛ አለ፣ እኔ አስተማሪው አለሁ። ችግራችን አንዱን እሁድ ሰባት ሆነን እንመጣለን፣ በሚቀጥለው ሠላሳ። ዳታ ከተዘጋ ወዲህ የቴሌግራም ግሩፓችንም ከሰረ። እናም ማን ይሰለፍ፣ ማን ይቀመጥ እየተባባልን ጠዋቱ በጭቅጭቅ ያልቃል። የምንጨቃጨቀው ደግሞ እትዬ ደብሬ በር ላይ ነው።

አንድ እሁድ ነጠላቸውን እያጣፉ ብቅ አሉ።

«ስሙኝማ! ደንበኛየን ሁሉ በጩኸት አባረራችሁት። ከዛሬ ጀምሮ እናንተን የምቆጥር እኔ ነኝ። ሐሙስ ሐሙስ እልካለሁ። የሚመጣ አንድ ይላክልኝ፣ የማይመጣ ሲፍር።»

ሲፍር ዜሮ ናት፤ ከድንበር ማዶ ከገላባት ነጋዴዎች ጋር ሲገበያዩ ምላሳቸው ላይ የቀረች የዓረብኛ ቃል። ከዚያ እሁድ ወዲህ እኛም ዜሮን በሌላ ስም ጠርተናት አናውቅም።

ከቁጥር ሌላ የጻፈ ወዮለት። «ፊደል የጻፈ አይሰለፍም!» ይሉ ነበር፣ ጣታቸውን እያወዛወዙ። አንዱ የጉምሩክ አስተላላፊ፣ ቢሮ የለመደ ሰው ነውና፣ «ውድ እትዬ ደብሬ፣ በቤተሰብ ጉዳይ ምክንያት ጥቂት ደቂቃ ልዘገይ ስለምችል» ብሎ ላከ። እሁድ ከሁላችንም ቀድሞ መጣ። «ደብዳቤ ጽፈሃል፤ ተቀመጥና አንብበው» ብለው ዘጠና ደቂቃ ድንጋይ ላይ አስቀመጡት። ሥርዓት ማለት ይሄ ነው ብለን አደነቅን።

እኛንም በስም ሳይሆን በማሊያ ቁጥር ነበር የሚጠሩን፤ እኔ ሦስት ቁጥር ነበርኩ። ሐሙስ የሚመጣው መልእክት ደግሞ ሁልጊዜ ያው ነው፦ «እሁድ ጨዋታ አለ። ትመጣለህ?» ጨዋታው ለበዓል ተብሎ ወደ ቅዳሜ ሲዞር እንኳ መልእክቱ «እሁድ» ይላል። ቅዳሜ መሆኑን ሱቁ በር ላይ ላለፈ ሁሉ በአፋቸው ይናገራሉ። ለምን አይቀይሩትም ስንላቸው፣ «የእኔ እሁድ ቅዳሜም ይውላል፤ አንተ አንድህን ላክ» ብለው ይስቁብናል። አርባ ስልክ በአንድ ጊዜ ቻርጅ የሚያደርጉ፣ እያንዳንዱን ስልክ በፕላስተር በተለጠፈ ቁጥር ለይተው ለባለቤቱ የሚመልሱ፣ የካርድ ቁጥር ሳያዩ የሚመቱ ሴት ናቸው። ማን ይጠርጥር? እኔ መጠርጠር ነበረብኝ። እንጀራዬ እኮ ፊደል ማስቆጠር ነው።

ሰይድ አስራ አንድ ቁጥራችን ነበር። ከወሎ ለሰሊጥ አጨዳ መጥቶ በዚያው የቀረ፣ ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ የሁለት ልጆች አባት። ሲሮጥ አይታይም፤ ከደረሰ በኋላ ነው የምታየው። እትዬ ደብሬ ጨዋታ አያውቁም፣ እሱ ኳስ ሲይዝ ግን ከሱቁ ይወጡ ነበር።

አንድ የጥቅምት ሐሙስ ሰይድ በፊደል መለሰ። እሁድ ቀረ። እትዬ ደብሬ ተቆጡ። «ጭራሽ ፊደል ጻፈና ቀረ! በሚቀጥለው ቢመጣም አይሰለፍ።» ሰኞ ጠዋት ከእርሻው የመጣ ትራክተር ነጂ ወሬውን ይዞ ደረሰ። ሰይድ ቅዳሜ በንዳድ ሞቷል። ጓደኞቹ ራቅ ካለ ማሳ አጨዳ ላይ ሰንብተው እሁድ ሲመለሱ፣ ዳሱ ውስጥ ብቻውን ነው ያገኙት።

እኩለ ቀን ላይ እትዬ ደብሬ ትምህርት ቤቱ አጥር አጠገብ ቆመው አየኋቸው። ስልካቸውን በሁለት እጅ ይዘዋል።

«መምህር፣ መነጽሬ ጠፋብኝ። ይችን አንብብልኝ።»

አነበብኩ። «እትዬ በጣም አሞኛል። ብቻዬን ነኝ። ሰው ይላኩልኝ።»

ቀና ብዬ አየኋቸው፤ ዓይናቸው ዓይኔ ላይ ተተክሏል። የዚያን ጊዜ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ይህን ካነበብኩላቸው እኚህ ሴት ዳግም እንቅልፍ አይተኙም።

«ትንሽ አሞኛል፣ እሁድ አልመጣም ነው የሚለው» አልኳቸው።

ትከሻቸው ወረደ። ረጅም ትንፋሽ ወሰዱ። «እንግዲያ እኛ ምን ልናደርግ እንችል ነበር» አሉ፣ ለራሳቸው ይመስል። ስልኩ እጄ ላይ ነበር፤ መልእክቱን ላጠፋው ጣቴን አነሳሁ፣ የሟች ቃል ሆነብኝና አቃተኝ። መለስኩላቸው። እሳቸው ግን አልሄዱም።

«መምህር፣ መነጽር የለኝም። ኖሮኝም አያውቅ።»

ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባኝ። ያች የማትለወጥ መልእክት፣ ያ በማሊያ ቁጥር መጥራት፣ ያ የፊደል ቁጣ። ኋላ እንደነገሩኝ፣ መልእክቷን አንድ ተላላፊ መንገደኛ አንዴ ጽፎላቸው፣ እሷኑ በየሐሙሱ መልሰው ሲልኳት ኖረዋል። ፊደል የማያውቁ ሴት በጽሑፍ መልእክት ሃያ ሁለት ወንድ ሲያሰልፉ፣ እኔ የፊደል አስተማሪው ከፊት ተሰልፌ «1» እልክ ነበር።

«ሰውየው አሞኛል ብሎ ሲጽፍልኝ እኔ እንደ ጥፋት ቆጠርኩበት» አሉ። «ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር አይደገምም። አስተምረኝ።»

እምቢ የምልበት አፍ ከየት ላምጣ? እሺ አልኩ። እሺ ባልኩበት ቅጽበት ደግሞ ምን ውስጥ እንደገባሁ ታየኝ። ማንበብ የቻሉ ቀን ያን መልእክት ያነቡታል።

እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱ መንገዱን ባዶ ሲያደርገው ሱቃቸው እሄዳለሁ። በብስኩት ካርቶን ጀርባ ላይ ፊደል እጽፋለሁ። ተማሪው እንዲወድቅ የሚጸልይ አስተማሪ ካለ እሱ እኔ ነበርኩ። ከ«ሀ» መጀመር ሲገባኝ አዲስ ዘዴ ነው ብዬ ከመጨረሻ ጀመርኩ። ከ«ፐ» ወደ ላይ ስንወጣ ንጉሡን «ሠ»ም እሳቱን «ሰ»ም ዘለልኳቸው። «ሰው» የሚለውን ቃል ካላወቁ ያ መልእክት አይፈታላቸውም ብዬ ነው። ሞኝነቴን አሁን ሳስበው ግንባሬን መምታት ያምረኛል። እሳቸው ግን ጎበዝ ነበሩ! በፋሲካ የመኪና ላይ ጽሑፍ ያነባሉ፤ «እግዚአብሔር ይመራኛል» የሚለውን አንብበው፣ «ይኸ ሾፌር ግን ባለፈው ከአጥር ጋር ተጋጭቷል» ብለው ሳቁ። በየትምህርቱ መጨረሻ ስልካቸውን ያወጡና ያን መልእክት አየት አድርገው ይመልሱታል። እኔ ካርቶኑን እሰበስባለሁ።

ሰኔ ላይ ነው። እንደልማዴ ስደርስ ካርቶኑን ደረታቸው ላይ አቅፈው ጠበቁኝ።

«መምህር፣ ከታፔላው ብዙውን አነበብኩ። ከረጢት ላይ ያለውን ግን አልችልም። የመጋዘኑንም አልችልም። ምንድን ነው የሚል ብየ ብጠይቅ ሰሊጥ አሉኝ። መተማ ተቀምጨ ሰሊጥ ማንበብ የማልችል ምን የሚሉት ትምህርት ነው?»

ካርቶኑን ከእጃቸው ተቀብዬ ተቀመጥኩ።

«በል የሰሊጥን የመጀመሪያ ጻፍልኝ።»

«ሰ» ብዬ ጻፍኩ። ዘርዘር አድርገው አዩት። ከዚያ ስልካቸውን አወጡ። «ሌላውን ካነበብሁት ሰንብቻለሁ፤ የቸገረችኝ ይች ናት» አሉ። ጣታቸውን ከፊደል ፊደል እያሻገሩ፣ እንደ ልጅ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ።

«ሰ... ው። ሰው። ይ... ላ... ኩ... ል... ኝ።»

ከውጭ አንድ ከባድ መኪና ጥሩንባውን ነፋ። እትዬ ደብሬ አላለቀሱም። ቢያለቅሱ ይሻለኝ ነበር።

«አንተ ለእኔ አዘንክ» አሉኝ። «ለእሱስ?»

«እንዳይጸጸቱ ብዬ ነው እትዬ...»

«አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል አሉ። ሰውየው የጻፈ ለእኔ ነው። ሲሞት የተናገረው ቃል እንደት ስምንት ወር አንተ ሆድ ውስጥ ይቀመጣል?»

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን ከእኔ ጋር ጊዜ አላጠፉም። የዚያኑ ቀን ቁጥሯን ከሰው አፈላልገው ለሰይድ ሚስት ወሎ ድረስ ደወሉላት። የሱቁን ስልክ ድምፅ ከፍተው እኔን አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ልጄ፣ ባለቤትሽ ሳይሞት ሰው ላኩልኝ ብሎ ጽፎልኝ ነበር» አሉ። «ፊደል አላውቅም ነበርና ሰው አልላክሁም። ይኸን ሳትሰሚ እንዳልሞት ብየ ነው የደወልሁልሽ።»

ስድብ ይመጣል ብዬ አንገቴን ቀብሬ ጠበቅሁ። በመጨረሻ ድምፅዋ ተሰማ።

«ያለውን ቃል ደግመው ይበሉልኝ እስቲ።»

መልእክቱ ያለበትን ሌላውን ስልክ ዓይናቸው አጠገብ አድርገው ከመጀመሪያው ጀምረው አነበቡላት። ሁለት ጊዜ አስደገመቻቸው። እኔ ወጥቼ ከመኪኖቹ ኋላ አለቀስኩ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ለሁላችንም አዲስ መልእክት መጣ። «እሁድ ጨወታ አለ። የሚመጣ 1። ሲፍር ብቻውን አይላክ ምክኒያት ይጻፍ። አነባለሁ።» ከነስህተቱ ራሳቸው የጻፉት ነው። ተጫዋቾቹ «እትዬ ምን ነካቸው?» እያሉ ሲገረሙ እኔ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።

ከዚያ ወዲህ የሚቀር ሰው ሁሉ ጉዳያቸው ሆነ። አሞኛል ያለውን ይደውሉለታል፣ ስልኩ ካልሠራ ከእርሻው ለሚመጣ ሁሉ ይልኩበታል፣ ያም ካልሆነ ራሳቸው ይሄዳሉ። በሦስት ወር ውስጥ ሁለት የካምፕ ሠራተኞችን በትራክተር ጭነው ጤና ጣቢያ አድርሰዋል። ሁለቱም ዛሬ በሕይወት አሉ።

ግን ሰው ነን። «ሰርግ አለብኝ» ያለ ይጠየቃል፣ «ሰነፍኩ» ያለ ይሰደባል፣ «አሞኛል» ያለ ግን ምሕረት ያገኛል። እናም ሲፍር በላክን ቁጥር «አሞኛል» ማለት ለመድን። እኔ ራሴ አንድ ሐሙስ እንቅልፍ አምሮኝ «0 አሞኛል» ብያለሁ። በማግስቱ ሎሚና ዝንጅብል ይዘው ደጄ ላይ ቆሙ። አልጋዬ ላይ ተኝቼ አቃሰትኩላቸው። በኋላ ለታደለ ነግሬው ሁለታችንም ስቀናል።

የመጨረሻዋ ሐሙስ ጌጡ «0 በጣም አሞኛል» ብሎ ላከላቸው። ጌጡ ዘጠኝ ቁጥራችን ነው፤ በሽንፋ በኩል ያለ እርሻ ካቦ፣ የሠራተኞች አለቃ ማለት ነው። ደጋግመው ደወሉለት፤ ስልኩ ዝግ ነው። ሲነጋ ዝናብ ነበር። ጥቁሩን አፈር በዚያ ጭቃ የሚሻገረው ትራክተር ብቻ ነው። ጎረቤቶቻቸው ዝናቡ እስኪያባራ ይቆዩ ቢሏቸው፣ «ከዚህ በፊት አንዴ ቆይቻለሁ» ብለው ተጎታቹ ላይ ወጡ። የጅረት ማቋረጫ ላይ ትራክተሩ ተገለበጠ። አጠገባቸው የተገኘው አንድ ጀሪካን ውሃና ብርድ ልብስ ነው።

ቅዳሜ ቀበርናቸው። እሁድ ጠዋት ኳስ በምንጫወትበት ሰዓት ሁላችንም ድንኳኑ ውስጥ ነበርን። ሦስት ሰዓት ገደማ ጌጡ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። ሰዉ ታሞ የነበረ ሰው ነው ብሎ ቦታ ለቀቀለት፤ አንዷ ሴት «አይዞህ፣ አንተስ እንደት ነህ?» አለችው። አልተቀመጠም። እኔን በዓይኑ ጠርቶ ከድንኳኑ ኋላ ወሰደኝ።

«መምህር» አለ። «አላመመኝም ነበር።»

አልገባኝም። «እንዴት?» አልኩት።

«አብርሃ ጅራ ሄጄ ነው። እዚያ ያለ ቡድን እሁድ ተሰለፍልን፣ ጫማ እንገዛልሃለን አሉኝ። እትዬ እንዳይቀየሙኝ አሞኛል ብየ ላክሁ። እንዳይደውሉብኝ ስልኬን ዘጋሁት። እሳቸው ሲሳፈሩ እኔ መኪና ላይ ነበርሁ።»

ታሞ የተኛ ሰው አልነበረም። የሄዱት ወደ ባዶ አልጋ ነው። ልመታው እጄን አነሳሁ፤ አልጋዬ ላይ ተኝቼ ያቃሰትኩት ትዝ አለኝና እጄ ወረደ። ጌጡ ከጉልበቱ ተንበርክኮ ጭቃው ላይ እንደ ሕፃን ይንሰቀሰቃል።

«ከአንተ በቀር ማንም አያውቅም» አለኝ። «ምን ላድርግ?»

መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ዝም በል፣ ሞታቸው ደርሶ ነው፣ ለልጃቸው ምን ይጠቅማታል። ለዚህ ዓይነት ደግነት እኔን የሚያህል የለም። ያን ቀን አጥሩ አጠገብ መልእክቱን እንደተጻፈው አንብቤላቸው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ምን ይሆን እንደነበር አላውቅም፤ ስንት ሌሊት አስቤ አላገኘሁትም።

«ተነስ» አልኩት። «ለትርንጎ ትነግራታለህ።»

«አልችልም።»

ክንዱን ይዤ አነሳሁት። ተያይዘን ገባን። ትርንጎ ጥግ ላይ፣ የእናቷን ስልክ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ቀና ብላ ሁለታችንንም አየችን።

«ትርንጎ» አልኳት፣ «ሁለታችንም የምንነግርሽ አለን። መጀመሪያ የእኔን ስሚ።»